የዳኛው ጉበት

መጋቢት 6

ይድረስ ለልጄ፣ ለስቶር ኪፐሯ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉሮሮሽ ዳነልሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ ሶፋ ባየ ቁጥር ይነጫነጫል። የካምፓችሁ ሾፌር ደብዳቤሽን አድርሶኛል። ሰላምታሽንም አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። ለአክስትሽ፣ ለስፌት መኪናዬ፣ ለጓሮው ሎሚ ሳይቀር አቅርበሻል። ለባለቤቴ ግን የደረሳት የለም። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ፤ ጀርባው ላይም የለም። ይሁን፤ እኔው ከአንቺ እንደመጣ አድርጌ ሰላምታ አቅርቤላታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የውሻሽ የዳኛው ነገር እንዲህ ነው። ሁለተኛውን እንክብል ከወሰደ በኋላ አገጩ ሥር የነበሩት እብጠቶች ጠፍተዋል፤ በጣቴ ብፈልግ አጣኋቸው። እንክብሉን ራሷ ዶክተሯ ናት እዚያው ክሊኒክ የምታስውጠው። እኛ ቤት የምንሰጠው በየማታው ከምግቡ ጋር አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን ነው። ሦስተኛው እንክብል ግን ለጊዜው ተራዝሟል። ከእያንዳንዱ እንክብል በፊት ደሙን ትመረምራለች፤ አሁን ጉበቱ ተቆጥቷል አለችን። ካንሰሩን የሚመታው መድኃኒት ጉበትንም ይነካል፣ ሲነካው ማሳረፍ ነው፣ ብዙዎቹ ያገግማሉ ብላለች። ለጉበቱ ሌላ ክኒን ጨምራለታለች፤ ጠዋት በባዶ ሆዱ፣ ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳይቀምስ። ጉበቱ ከረጋ ሕክምናው ይቀጥላል። ካልረጋ እብጠቶቹ ይቀድሙናል። ነገሩ ይኸው ነው፣ የደበቅሁሽ የለም።

የጓንቱን ነገር ጠይቀሻል። አዎ፣ ክኒኑን የምትሰጠው ባለቤቴ ናት። አዎ፣ ጓንት አድርጋ ነው። ያዘዘችው ዶክተሯ ናት፤ ሽንቱን ስትጠርጉም ጓንት አትርሱ ብላናለች። ፀጉር ቤት ላላት ሴት ደግሞ ጓንት ብርቅ ነው እንዴ? ቀለም የምትቀባበት ሙሉ ካርቶን አላት። ተጸይፋው እንዳይመስልሽ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ትናንት አንድ አሮጌ ሶፋ ላድስ ስገለብጥ ከሥሩ ነጭ ክኒን አገኘሁ። ዳኛው ነው! ጉንጩ ውስጥ ደብቆ፣ የዋጠ መስሎ፣ ሄዶ ተፍቶታል። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንገቱን አዘንብሎ ሲያዳምጥ አይታ ዳኛው አለችው እንጂ ይሄስ የለየለት ጠበቃ ነው። ከትናንት ወዲህ ባለቤቴ አፉን ይዛ፣ ጉሮሮውን እያሻሸች ነው የምታስውጠው።

አክስትሽ ሰላም ብላሻለች። ከስልክ ኦፕሬተርነት ጡረታ ወጣች እንጂ ጆሮዋ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ሆና የኛን ወሬ ከኛ ቀድማ ታውቃለች።

አባትሽ


መጋቢት 17

ይድረስ ለአባዬ፣

ሰላም ነህ ወይ? ወገብህን ሙቅ ነገር አድርግበት። ጉሮሮዬ ድኗል። ያለፈውን ደብዳቤ በቁጣ ስለጻፍኩ ይቅርታ። ይሄንንም በቁጣ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ይቅርታውን ለሁለቱም ቁጠርልኝ።

መምጣት አልቻልኩም። ቁፋሮው ውሃ ሳያገኝ ማንም ካምፑን አይለቅም ተብሏል። ስልኩ እንደምታውቀው ኮረብታው ላይ ካልወጡ አይሠራም፤ ወጥተውም አይሠራም። ቀኑን ሙሉ በብሎንና በቧንቧ መሃል ተቀምጬ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። ክኒኑ ሶፋ ሥር ምን ይሠራል?

አንተ ስቀሃል። እኔ አልሳቅኩም። ዳኛው ሲተፋው በዓይንህ አይተሃል? ወይስ ተፍቶት ነው ያለችህ እሷ ናት? እናቴ በሕይወት እያለች ዳኛው ስንት ጊዜ የትል መድኃኒት ውጧል፤ አንድም ቀን ተፍቶ አያውቅም። አንተ ደግሞ የነገሩህን ታምናለህ። ደንበኛ ነገ እከፍላለሁ ቢልህ ሶፋውን ተሸክመህ ቤቱ ድረስ የምትወስድ ሰው ነህ።

የጉበቱም ነገር አልተዋጠልኝም። ዶክተሯ በእንክብሉ ነው ብላ ይሆናል። የፀጉር ቀለሙ ሽታስ? ፀጉር ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ደንበኛ አስቀምጣ ቀለም ትቀባለች፣ በዚያው እጇ ተነሥታ ለዳኛው ክኒን ትሰጣለች። ጓንቱን መቀየሯን ማን አየ?

ሰው ለመክሰስ ብዬ አይደለም። በሥራዬ የለመድኩትን ነው የምነግርህ። እዚህ ስቶራችን በር ላይ ሁለት ቁልፍ አለ፣ የሚይዙትም ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዳችን ሌባ ነን ማለት አይደለም፤ ግን ማንም ብቻውን አይታመንም፣ በቃ፣ አሠራሩ ነው። ቤታችን ውስጥ ግን የመድኃኒቱም፣ የምግቡም፣ የዳኛውም ነገር በአንድ ሰው እጅ ገብቷል።

በሾፌሩ በኩል ለአክስቴ ትንሽ ጥቅል ልኬላታለሁ። የሴት ዕቃ ነው፤ አትክፈተው፣ እሷንም አትጠይቃት። ዳኛው ጠዋት ጠዋት እሷ ዘንድ ሲሄድ ደግሞ አትከልክለው። በእናቴ እጅ ያደገ ውሻ ነው፣ የእናቴን ድምፅ የሚመስል ድምፅ የሚሰማው እዚያ ብቻ ነው።

ሰላምታዬን ለአክስቴ፣ ለዳኛውና ለሎሚው አቅርብልኝ። ጀርባውን አትገልብጥ።

ልጅህ


ሚያዝያ 3

ይድረስ ለልጄ፣

በጤናሽ ሰንብተሻል? ውሃው አልወጣም አሉ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ውሃ አልበቃ ብሏል፣ ምክንያቱን ከታች አስነብብሻለሁ። ደብዳቤዬ ስለዘገየ ይቅርታ። ትናንት ሾፌሩ የሰጠኝን ቁራጭ ወረቀትሽንም አይቻለሁ። «እውነቱን ንገረኝ» ብቻ ነው የሚለው። እሺ፣ እውነቱን ልንገርሽ።

የደሙ ውጤት ብሷል። ዕረፍት ሲሰጠው መውረድ የነበረበት የጉበቱ ቁጥር ጨምሯል። እንክብሉ ለሁለተኛ ጊዜ ተራዘመ። ዳኛው ውሃ ይጠጣል አልልሽም፣ ባልዲ ይገለብጣል። ተኝቶም ያለከልካል። ሆዱ ተነፍቶ እግሩ ቀጥኗል። ከትናንት በስቲያ የደንበኛ ሶፋ ላይ ሸናብኝ፤ ስፖንጁን አውጥቼ በአዲስ ተካሁት፣ ደንበኛው አልሰማም፣ አንቺም እንዳትነግሪ።

ዶክተሯ «ሌላ የምትሰጡት ነገር አለ?» አለችን። የለም አልናት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀችን። ስንወጣ በር ላይ ይዛን ሦስተኛ ጠየቀች። እንደ ወንጀለኛ ነው ያየችን። እኔም በበኩሌ እሷን ጠረጠርኳት፤ መሣሪያዋ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ዳኛውን ሌላ ክሊኒክ ወስጄ አስመረመርኩት። ያው ሆነ። ከዚያ ቀለሙን ጠረጠርኩ። በመጋረጃው ፋንታ በር ሠርቼ ገጠምኩበት። ምንም ለውጥ የለም።

ያንቺ ደብዳቤ ልቤ ውስጥ ገብቶ እንደ ስቴፕለር ሽቦ ተሰክቷል። መጀመሪያ ተናድጄብሽ ነበር። እሷ እኮ ዳኛው ሲያስታውክ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የምትጠርግ ሴት ናት። በኋላ ግን እኔም ሰው ነኝ፣ ማየት ጀመርኩ። ሳታየኝ ጓንቷን አንሥቼ አሸተትኩ። የጎማ ሽታ ነው። አፍሬ መልሼ አስቀመጥኩት።

ግን አንድ ነገር አለ። ሰሞኑን ጠዋት ከእኔ ቀድማ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ጓሮውን ታያለች። «ምን ታያለሽ?» ስላት «ምንም» ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ «አክስቷ ዘንድ ሲሄድ ምን ይበላል?» አለችኝ። የሟች ሚስቴን እህት እንዳትነኪ ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጠየቀችኝም። ምን እንደምታስብ አላውቅም። አብሮ እየበሉ እየጠጡ አለማወቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ልነግርሽ አልችልም።

አባትሽ


ሚያዝያ 12

አባዬ፣

ሰላምታው ይቆየን።

አክስቴ ጽፋልኛለች። ሴትዮዋ መስኮት ላይ ተተክላ አጥሩን ስትጠብቅ ነው የምታረፍደው አለችኝ። ምን ፈርታ ነው የምትጠብቀው? ዳኛው ከአክስቴ ዘንድ ጠግቦ ሲመለስ ለምን ይከፋታል? አንተም አይተህ ዝም ትላለህ። ጓንት አሸተትኩ ትለኛለህ፤ መርዝ ሁሉ ይሸታል ያለህ ማነው?

እኔ ዳኛው መድኃኒቱ እንዳይጓደልበት በበኩሌ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ምን እንደሆነ አሁን አልነግርህም። ደብዳቤዬን ከአንተ በፊት ማን እንደሚያነበው አላውቅም።

አሁን የምልህን አድርግ። ክኒኖቹን በሙሉ ሰብስበህ መሣሪያ ሳጥንህ ውስጥ ቆልፍባቸው። ቁልፉን አንገትህ ላይ እሰር፣ ስትታጠብም አታውልቅ። በገዛ እጅህ ስጠው። ምግቡንም አንተ አቅርብለት። እሷ ከተቆጣች የተቆጣችበትን ምክንያት ጠይቃት።

ጭካኔ እንዳይመስልህ። እናቴ ስትሞት የቀራችሁልኝ ሁለት ናችሁ፣ አንተና ዳኛው። አንተን ወስዳለች። እሱን ግን አልሰጣትም።

ልጅህ


ሚያዝያ 27

ይድረስ ለልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና አይደለሁም። ከዳኛው ልጀምር፤ አለ፣ በሕይወት አለ። ይህንን ካነበብሽ በኋላ ቁጭ ብለሽ የቀረውን አንብቢ።

ያልሽኝን ሁሉ አደረግሁ። ክኒኖቹን ከመቀሱና ከስቴፕለሩ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ቁልፉን በሶፋ ክር አንገቴ ላይ አሰርኩ። ባለቤቴ ቆማ አየችኝ።

«ለኔ ነው?» አለችኝ።

«ልጄ ናት ያለችኝ» አልኳት። የወንድ መልስ አልነበረም፣ አውቃለሁ።

ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ጠዋት ተነሥተህ መስኮቱ ጋ ቁም። እኔን ስታይ ከርመሃል፤ አንድ ቀን እንኳን አጥሩን እይ» አለችኝና ወጣች።

አልቆምኩም። እልህ ይዞኝ ነበር። በገዛ እጄ፣ አንዷንም ሳላዛንፍ መድኃኒቱን እየሰጠሁት ቆየሁና ዶክተሯ ዘንድ ወሰድኩት። ደሙ ከበፊቱ ብሷል። ያን ጊዜ የምጠረጥረው ሰው አለቀብኝ። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ማንም የለማ!

በማግስቱ ጠዋት የጉበቱን ክኒን በባዶ ሆዱ ሰጠሁትና መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ዳኛው ወዲያው በጓሮ ወጣ። አክስትሽ በነጠላ ጫማዋ ብቅ አለች። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ይዛለች። መሃሉን በጣቷ ወጋ አደረገችና አንድ ነገር ከተተችበት። ዳኛው ሳያኝክ ዋጠውና አፉን እየላሰ፣ ጅራቱን እየቆላ ተመለሰ።

ወገቤን ረስቼ ሮጥኩ። «ምንድነው ያበላሽው?» አልኳት።

«መድኃኒቱን ነዋ!» አለችኝ፣ ምንም ሳትደነግጥ። «ልጅህ ናት የላከችልኝ። ሚስትህ እየጣለችበት አይደል እንዴ? እኔ አንድ ቀንም አላጓደልኩበት።»

ነጯን ክኒን አሳየችኝ። ያችው የኛዋ ናት። ሰውም የሚወስዳት ክኒን ስለሆነች፣ ስሟን ከቀደመ ደብዳቤዬ ይዘሽ ካምፑ አጠገብ ካለ መድኃኒት ቤት ገዝተሽ ላክሽላት። እኛ ማታ አንድ፣ እሷ ጠዋት አንድ። ባለቤቴ ጉሮሮውን እያሻሸች ያስዋጠችው አልበቃ ብሎ ውሻው እጥፍ ሲውጥ ከረመ። የጉበቱ ክኒንም አስኳል እየተከተለው የረባ ሥራ ሳይሠራ ቀረ።

ዶክተሯ ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። ውሃ ጥሙ፣ ሆዱ፣ ማለክለኩ ሁሉ ከዚያ ነው አለች። ጉበቱ ከእንክብሉ ላገግም ሲል እኛ በላዩ ላይ እየጫንበት ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ ማቋረጥም አይቻልም፣ ሰውነቱ ለምዶታል፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። እስከዚያ እንክብል የለም።

ክሊኒኩ ውስጥ እጄን አገጩ ሥር ሰደድኩ። እብጠቶቹ ተመልሰዋል። የሎሚ ፍሬ ያህላሉ።

ልጄ፣ ተቆጥቼሻለሁ። አልተቆጣሁም ብል ውሸቴን ነው። ሁለት ቁልፍ አልሽኝ። ያንቺ ስቶር ውስጥ ሁለቱ ሰዎች አንድ በር ፊት ለፊት ቆመው፣ እየተያዩ ነው የሚከፍቱት። አንቺ ግን አንዷን ከሌላዋ ደብቀሽ በሁለት በር አስገባሻቸው።

ባለቤቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። «ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አላወቅሁም፣ ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ። «አንድ ጊዜ ብጠይቅህ ጮህክብኝ። በእጄ ምንም ሳልይዝ የሟቿን እህት ብከስ ታምነኝ ነበር?» አልተመለሰችም።

አባትሽ


ግንቦት 5

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ምን ብዬ እንደምጠራዎት አሰብኩና ሌላ ቃል አጣሁ። ስንት ደብዳቤ ስጽፍ ለእርስዎ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሾፌሩን በእህትዎ ቤት በኩል እንዲያልፍ ለምኜዋለሁ።

እህትዎ ቤት ደብዳቤዬን ሳይከፍቱ ቀደው ቢጥሉት አልቀየምም። ከከፈቱት ግን ይኸውልዎት፤ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዳኛውን ይገድሉብኛል ብዬ እርስዎን ስፈራ የምገድለው እኔ ልሆን ነበር። ምናልባትም ሆኛለሁ። ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። አክስቴ በየጠዋቱ ምን ያህል ተደስታ እንደምታበላው ትጽፍልኝ ነበር፣ እኔም ደስ እያለኝ አነብ ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

የጠየቁኝ የለም፣ እኔው ልናገር። የጠላሁት ጓንትዎን አልነበረም። ለመጨረሻ ጊዜ ቤት የመጣሁ ቀን አንዲት ሴትዮ እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯ በፎጣ ተጠቅልሎ ትስቅ ነበር። ዳኛው ደግሞ እግርዎ ሥር ተኝቷል። ተነሥቶ ወደ እኔ እስኪመጣ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ የሚያደርጉት ነገር ሁሉ ጥሩ አልመስል አለኝ።

እባክዎ ይመለሱ። ለአባዬ ብዬ አይደለም፤ እሱ የራሱን ልመና ራሱ ይለምን። ለዳኛው ነው። ክኒኑን መቀነሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ አባዬ ደግሞ መነጽሩን ሶፋ ውስጥ ሰፍቶ የሚፈልግ ሰው ነው። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ እንዲሰጥዎት ጽፌለታለሁ። ለአክስቴም ጽፌላታለሁ፤ የምታኮርፍ ይመስለኛል።

ዳኛው እንዴት እንደሆነ እውነቱን ይንገሩኝ። ይቅር እንዳሉኝና እንዳላሉኝም ይንገሩኝ። ሰላምታዬን ለእርስዎ፣ ከሎሚውም ከሁሉም በፊት።

የዳኛው ባለቤት ነበርኩ የምትለዋ


ግንቦት 28

ለስቶር ኪፐሯ፣

እኔ ደህና ነኝ። መጀመሪያ «እርስዎ» የሚለውን ተይው፣ ያስረጀኛል፤ ፀጉሬን በከንቱ አይደለም የምቀባው። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በጓንት ልክፈተው ወይስ በባዶ እጄ ብዬ አሰብኩ። ይሄ ቀልድ ነው። ግማሹ።

ተመልሻለሁ። አባትሽ ለእሱ ስል የተመለስኩ መስሎት ጢሙን ተላጭቶ ጠበቀኝ፤ እንደዚያ እንዳልሆነ አልነገርኩትም። ቁልፉን ሲሰጠኝ ክሩ አንገቱን ልጦት ነበር። ቅባት ቀባሁለት፣ ሳጥኑን ግን ክፍት ተውኩት።

እውነቱን ጠይቀሻል። አባትሽ ሁሉንም እንዳልጽፍልሽ ለምኖኛል። እኔ ከእንግዲህ እዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር አልፈልግም፣ ስለዚህ አንብቢ። ነጯን ክኒን እየከፈልን፣ እየሸረፍን ቀነስንለት። ባልዲ መገልበጡን ትቷል፤ ሆዱም ገብቷል። ጉበቱ እንደ ድሮው ባይሆንም ወርዷል፤ ጠዋት የጉበቱን ክኒን ሰጥቼው ምግብ እስኪደርስ አብሬው እቀመጣለሁ፣ እኔም አልቀምስም፣ ያለዚያ በዓይኑ ይፈርድብኛል። ዶክተሯ እንክብሉን መጠኑን ቀንሳ ሰጠችው። እብጠቶቹ ለስለስ አሉ እንጂ አልጠፉም። ባይራዘም ኖሮ ይሻል ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ይሻል ነበር አለች። ረጅም ጊዜ የለንም። ይሄንን ከአባትሽ አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው፤ እኔን መጥላት ለምደሻል።

አክስትሽ እንዳልሽው አኮረፈች፣ ግን አልቻለችበትም። ዳኛው ልማዱን አልተወ፣ አጥሩ ጋ ሄዶ ይጠብቃታል። አሁን ዶክተሯ የፈቀደችው ሰዓት ላይ ባዶ አስኳል ትሰጠዋለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እጇን አያለሁ። እሷም ስሰጠው የእኔን ታያለች። እስካሁን ብዙ አላወራንም፣ ባለፈው ግን ፀጉሯ ሥሩ እንደነጣ ነገርኳትና ነገ እመጣለሁ አለችኝ። ቀለሙን ሳልቀላቅል አሽትታ ነው የተቀመጠችልኝ።

ይቅር ብዬሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። ገና ነኝ። እህቴ ሳሎን ውስጥ ሻንጣዬን አቅፌ የተቀመጥኩበት ቀን በአንድ ደብዳቤ አይጠፋም። የእናትሽን ወንበር ግን ከፀጉር ቤቱ አውጥቼ መስኮቱ ጋ አድርጌዋለሁ። ማንም አይቀመጥበትም። ዳኛው ሥሩ ተኝቶ ይውላል፣ የሾፌሩ መኪና ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ያዘነብላል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ሲወርድ ያይና መልሶ ይተኛል።

ውሃው ወጣም አልወጣም ነይ። ቶሎ ነይ። ስትመጪ ለዳኛውም ለእኔም ምንም ይዘሽ እንዳትመጪ። ሻንጣሽን በር ላይ እፈትሻለሁ።

እትዬሽ